ደም የሚወለድበት ስፍራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ስለ ሳይንስ ጥቂት ቃል ይናገር ዘንድ በተወሰነ ጊዜ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ጠፈር ተናገር አሉኝ፤ ሌሎቹም ስለ ዓባይ ውሃ ቢሆን ይሻላል አሉ። እኔ ግን የመረጥሁት በበዓል ቀን በየቤታችን ገበታ ላይ የሚቀርበውን ቅልጥም ነው። እንደምትስቁ ዐውቄ ነበር። ነገር ግን ትንሽ ታገሡኝ።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴ ቅልጥሙን በመጥረቢያ ጀርባ ሰብሮ መቅኔውን ሲመጥ አየሁና «ይህ ነገር ለበሬው ምን ይሠራለት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። አባቴም «አጥንቱ እንዳይደርቅ ነዋ!» አለኝ። መልሱ ለዚያ ዕድሜዬ በቂ ነበር። በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ስላያቸው ደረቅ አጥንቶች ስንማር፥ አጥንቶቹ ጅማትና ሥጋ ቁርበትም እንደ ለበሱ ሰማሁ፤ በአጥንቶቹ ውስጥ ስላለው ነገር ግን የጠየቀም የመለሰም አልነበረም። ጥያቄውን እንደ ገና የቀሰቀሰብኝ የአጎቴ ልጅ ሕመም ነው።

የአጎቴ ልጅ በዕድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። የቤተሰቡ መሬት ጠባብ ስለ ሆነ እንደ ብዙዎቹ የጎጃም ደገኛ ጐልማሶች የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማ ይወርዳል። ካቻምና ወርዶ፥ ቀን ሲያጭድ ውሎ ሌሊት በግራር ሥር በዋልካ መሬት ላይ ሲያድር ከርሞ በኅዳር ተመለሰ። በጥር ትኩሳት ያዘው። በአንድ ጤና ጣቢያ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም። እናቱ ወደ ጠበል ወሰዱት፤ እዚያም ሁለት ሱባዔ ቆየ። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፋ፤ ፊቱ ገረጣ፤ አፍንጫውም እየነሰረ አላቋርጥ አለ። በመጨረሻ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተወሰደ። እኔም በፋሲካ ዕረፍት ላስታምመው ሄድሁ።

አንድ ቀን የደም ምርመራውን ወረቀት ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪሙ እንዳደርስ ተላክሁ። በመንገድ ላይ አየሁት። ቀይ የደም ሕዋስ ከሚገባው በታች፤ ነጭ የደም ሕዋስ ከሚገባው በታች፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ቅንጣቶችም ከሚገባው በታች። በባዮሎጂ ክፍል እነዚህ ሦስቱ በመልክም በሥራም የማይገናኙ መሆናቸውን ተምሬአለሁ። ቀዩ ኦክሲጅን ይሸከማል፤ ነጩ ከጀርም ጋር ይዋጋል፤ ፕሌትሌት ቁስልን ይደፍናል። ታዲያ አንድ በሽታ ሦስቱን በአንድ ጊዜ እንዴት ሊያጐድል ቻለ? ወረቀቱን ስሰጠው ሐኪሙን ጠየቅሁት። እርሱም ወጣት ነበረና አልሰለቸኝም። «ሦስቱም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው» አለኝ፤ «በሽታው የገባው ከእናቲቱ ቤት ነው። የእናቲቱም ቤት በአጥንት ውስጥ ነው።»

ንግግሬ ሁሉ ስለዚህች እናት ነው። እንግሊዞች «ስቴም ሴል» ይሏታል፤ ስቴም ማለት ግንድ ነውና በእኛ ቋንቋ ግንደ ሕዋስ ብንላት የሚያስኬድ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ የሥራውን ብዛት አስቡት። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው፤ ፕሌትሌት ዐሥር ቀን ያህል ይቆያል፤ ከነጮቹም ብዙዎቹ በደም ውስጥ ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ የሞተው ሁሉ በየቀኑ መተካት አለበት። የአንድ ጤነኛ ሰው መቅኔ በቀን 200 ቢሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ይሠራል፤ ይህም በአንዲት ሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። እኔ መናገር ከጀመርሁ አምስት ደቂቃ ቢሆን፥ በእያንዳንዳችሁ አጥንት ውስጥ ከ600 ሚሊዮን የሚበልጡ አዲስ ቀይ ሕዋሳት ተወልደዋል ማለት ነው።

ደም ከአጥንት ውስጥ እንደሚወለድ የታወቀው የቆየ አይደለም። ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት ዓመት፥ በ1868፥ ኤርንስት ኖይማን የተባለ የጀርመን ሐኪም በኬኒግስበርግ ከተማ የአጥንት መቅኔን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፥ ገና አስኳላቸው ያልወጣ ለጋ ቀይ ሕዋሳት አየ፤ ደም የሚሠራው እዚህ ነው ብሎም አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኢጣልያዊው ቢጾዜሮ እንዲሁ አለ። ብዙዎች ሊቃውንት ግን በቶሎ አልተቀበሏቸውም።

ወደ እናቲቱ ያደረሰው መንገድ የጀመረው ከአሳዛኝ ስፍራ ነው። በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ከእሳቱና ከፍንዳታው ያመለጡ ብዙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ እየደሙና በትኩሳት እየነደዱ ሞቱ። የማይታየው ጨረር መቅኔያቸውን ስላደረቀው፥ ያረጀው ደም ሲሞት የሚተካው አልተገኘም። ከዚህ በኋላ ሊቃውንት ነገሩን በአይጥ መመርመር ያዙ። በ1949 በቺካጎ ጃኮብሰን የተባለ ሐኪም የአይጢቱን ጣፊያ በእርሳስ ሸፍኖ የቀረውን አካሏን ለጨረር ቢያጋልጥ፥ አይጢቱ ዳነች። በ1951 ደግሞ ሎሬንዝና ጓደኞቹ በጨረር የተመታችን አይጥ የሌላ አይጥ መቅኔ በመርፌ ቢሰጧት ዳነች። እንግዲህ በመቅኔ ውስጥ አንድ የሚያድን ነገር አለ። ግን ምንድን ነው?

መልሱን ያገኙት በካናዳ አገር በቶሮንቶ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጄምስ ቲል የፊዚክስ ሰው ነበረ፤ ኧርነስት ማኩሎክ ደግሞ ሐኪም። በጨረር የተመቱ አይጦችን መቅኔ ወግተው ትተዋቸው ነበር። ማኩሎክ በአንድ እሑድ ቀን ብቻውን ወደ ላቦራቶሪ ገብቶ ከአይጦቹ አንዳንዶቹን ሲከፍት፥ በጣፊያቸው ላይ እንደ አተር ያበጡ እብጠቶች አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን በሽታ ነው ብሎ ይጥላቸው ነበር። እርሱ ግን ቈጠራቸው! ብዙ መቅኔ የተሰጣቸው ብዙ እብጠት፥ ጥቂት የተሰጣቸው ጥቂት እብጠት አላቸው፤ ልኩም ከ10,000 የመቅኔ ሕዋስ አንድ እብጠት ያህል ሆነ። ይህን በ1961 ጽፈው አወጡ። እብጠቱ ሲሰነጠቅ ለቀዩም፥ ለነጩም፥ ለፕሌትሌቱም የሚሆኑ ለጋ ሕዋሳት በአንድነት ተገኙበት።

እዚህ ላይ ለጓደኞቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ እብጠት ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተወለደ መሆኑን ያረጋገጠው ቤከር የተባለ ገና በትምህርት ላይ የነበረ ወጣት ነው። የእኛ እረኞች በጎቻቸው ከሌላው መንጋ ጋር እንዳይቀላቀሉ ጆሯቸውን ሸንትረው ምልክት እንደሚያደርጉ፥ እርሱም ሕዋሳቱን በትንሽ ጨረር እየመታ በክሮሞሶማቸው ላይ የሚለይ ስብራት አበጀ። ከዚያም እብጠቶቹን ቢመረምር፥ በአንድ እብጠት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ስብራት ተሸክመው ተገኙ። ይህ የሆነው በ1963 ነው። የጎንደሩ ሐኪም «የአንዲት እናት ልጆች» ያለኝ ቃል መሠረቱ ይህ የተማሪ ሥራ ነው።

ግንደ ሕዋስን ከሌሎቹ ሕዋሳት የሚለያት ልጅ መውለዷ ብቻ አይደለም። ጥሩ ገበሬ ካመረተው ጤፍ ከፊሉን ለምግብ ያወጣል፤ ከፊሉን ለዘር ያስቀምጣል። እርስዋም ስትከፈል ከሚወለዱት አንዳንዶቹ እንደ እርስዋ ግንድ ሆነው ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ሁሉም ወደ ሥራ ቢሄዱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘሩን እንደ በላ ገበሬ ባዶ ጐተራ ይቀራል። ሁሉም ግንድ ሆነው ቢቀሩ ደግሞ ዛሬውኑ ደም ይጠፋል። ማን ይቅር፥ ማን ይሂድ፥ የሄደውስ ቀይ ይሁን ወይስ ነጭ? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ልጆቹ ሁሉ የተሸከሙት የዘር ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ዲያቆናት ሁሉ አንድ ዓይነት ዳዊት ይዘው፥ አንዱ የሚያነበው የጠዋቱን ክፍል ብቻ፥ ሌላው የማታውን ብቻ ቢሆን እንዴት ይሆናል? ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። ቀይ ለመሆን የምትሄደው ሕዋስ ሄሞግሎቢን የሚሠራበትን ገጽ ትገልጣለች፤ የነጩን ገጽ ትዘጋለች። ገጾቹን ከሚገልጡት ጣቶች አንዱ ጋታ-1 ይባላል፤ እርሱ የጎደለበት እንስሳ ቀይ ደም ሊሠራ አይችልም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ነው፤ ቀይዋ ሕዋስ ሥራዋን ተምራ ስትጨርስ አስኳልዋን አውጥታ ትጥለዋለች። መጽሐፉን ጥላ በቃሏ ትኖራለች ማለት ነው። ለፈተና የምንዘጋጅ ተማሪዎች ልንቀናባት ይገባል!

እንግዲህ ምርጫው በምን ይሆናል? ቲልና ማኩሎክ ከሲሚኖቪች ጋር በ1964 በጻፉት ጽሑፍ፥ ነገሩ እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። ዕጣው በሳምንቱ ለማን እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ በዓመት ውስጥ ስንት ዕጣ እንደሚወጣ ግን የታወቀ ነው። አንዲት ግንደ ሕዋስ ምን እንደምትሆን አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ የሺዎቹ ድምር ግን ልክ አለው። ሌሎች ደግሞ አይደለም፥ ትእዛዝ ይመጣላታል እንጂ ብለው ተከራከሩ። ለትእዛዙ የታወቀው ምሳሌ ኤሪትሮፖየቲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ኩላሊት ኦክሲጅን ማነሱን ሲያውቅ ይህን ሆርሞን ወደ መቅኔ ይልካል፤ ቀይ ለመሆን መንገድ የጀመሩት ሕዋሳትም ሳይሞቱ ይበዛሉ። በ1977 በቺካጎ ጎልድዋሰርና ጓደኞቹ ሆርሞኑን አጥርተው ያወጡት፥ በጃፓን ደም ከሚያንሳቸው ሕሙማን ከተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት ነው። ያን ያህል ሽንት መሰብሰብ የቻለ ሕዝብ ትዕግሥቱ ይደነቃል።

ነገር ግን ኤሪትሮፖየቲን የሚያዝዘው መንገድ የጀመረችዋን እንጂ ገና ያልወሰነችዋን እናት አይደለም። ስለዚህ የዕጣ ወገኖች ለብዙ ዘመን አልተረቱም። በ2009 ግን በጀርመን አገር ተመራማሪዎች እያንዳንዷን ለጋ ሕዋስ ሌትና ቀን በፊልም እየተከታተሉ፥ ለነጭ ሕዋሳት ዘር ሁለት ልዩ ልዩ መልእክቶችን ቢሰጡ፥ ሕዋሳቱ እንደ መልእክቱ ዓይነት አንዱን ወይም ሌላውን ሆኑ። እንዲህ ከሆነ ትእዛዝም አለ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ የአንድ ደገኛ ልጅ ገበሬ ወይም ቄስ ወይም አስተማሪ መሆኑ በከፊል ዕጣ፥ በከፊል የአባት ቃል፥ በከፊልም ያደገበት ቤት እንደ ሆነው ነው። ስለ ቤቱ ካነሣሁ አይቀር፥ በ1978 ስኮፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ፥ ግንደ ሕዋስ ግንድ ሆና የምትቆየው በአጥንቱ ውስጥ በልዩ ጎጆዋ እስካለች ድረስ ነው ብሎ ጽፏል። ከዚያ ስትወጣ እንደ ማንኛውም ልጅ የራስዋን ሥራ ትይዛለች።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ በዓይኔ ለማየት ፈለግሁ። ዘንድሮ በገና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የበግ ጎድን አንሥተን በፒንሳ ጨምቀን፥ የወጣውን ጠብታ በመስተዋት ላይ አሰራጨነው፤ በአልኮል አድርቀንም ለወባ ምርመራ በሚያገለግለው ጊምሳ በተባለው ቀለም ነከርነው። ያየነው ሰማያዊ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ጎድኑ ሌሊቱን አድሮ ስለ ነበረ ሕዋሳቱ ፈርሰው ኖረዋል። በጥምቀት ግን በጉ እንደ ታረደ ወዲያው ሠራነው። አወይ ደስታ! አንዲት ትልቅ ሕዋስ አስኳልዋ ሰፊ፥ ዙሪያዋ ጥቁር ሰማያዊ፤ ሌላዋ አነስ ብላ ዙሪያዋ ወደ ሮዝነት የተለወጠ፤ ሌላዋ አስኳልዋ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ወደ ዳር የተገፋ፤ በመጨረሻም አስኳል የሌላት ቀይ። በአንድ መስተዋት ላይ የአንድን ሰው ሕፃንነት፥ ልጅነትና ጐልማሳነት በአንድነት እንደ ማየት ነው። በመካከላቸውም አንድ ግዙፍ ሕዋስ እንደ ጉልቻ ተቀምጦ አየን፤ ፕሌትሌቶች ከእርሱ ተቈርሰው የሚወጡ ናቸው። እናቲቱን ግን አላየናትም። ብናያትም አናውቃትም ነበር፤ ከተራ ትንሽ ነጭ ሕዋስ በመልክ አትለይምና። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዋይስማንና ጓደኞቹ የአይጥን ግንደ ሕዋሳት ለይተው ያወጡት በ1988 ነው፤ ያም በላይዋ ያሉትን ምልክቶች በሚለይ መሣሪያ ነው።

አባቴ የሚመጠው ቅልጥምስ? ያ ቢጫና ቅባት የሞላበት ነው፤ ደም አይሠራም። በሰውም ሆነ በበሬ ዕድሜ ሲገፋ ቀዩ መቅኔ ከእጅና ከእግር ረጃጅም አጥንቶች ወደ ደረት፥ ወደ ጎድን፥ ወደ አከርካሪና ወደ ዳሌ አጥንት ይሰበሰባል፤ በተለቀቀው ስፍራ ስብ ይሞላበታል። ያ ስብ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በሞስኮ ፍሪደንስታይን የተባለ ሊቅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፥ በመቅኔ ውስጥ ከደም እናት የተለየች አጥንት የምትወልድ ሌላ እናት እንዳለች አሳየ። በ1999 ደግሞ ፒተንገርና ጓደኞቹ ከሰው መቅኔ ከወሰዱት ከዚህ ዓይነት ሕዋስ ዘር አጥንትም፥ ልም አጥንትም፥ ስብም በብልቃጥ ውስጥ አበቀሉ። እንግዲህ አባቴ «አጥንቱ እንዳይደርቅ» ያለው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ስቡና አጥንቱ ወንድማማች ናቸው።

በዚህ ዘመን ግንደ ሕዋስ ሁሉን ያድናል የሚል ወሬ ስለ በዛ አንድ ቃል ልጨምር። በ2001 የመቅኔ ሕዋሳት የቆሰለን የአይጥ ልብ መልሰው ይሠራሉ ተብሎ በታላቅ ደስታ ተጽፎ ነበር። በ2004 ሌሎች ሲሞክሩት የደም ሕዋሳቱ ደም እንጂ ልብ አልሆኑም። በ2018ም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎቹ በነበሩበት ላቦራቶሪ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቀ። የተረጋገጠው የመቅኔ ሕክምና ዶናል ቶማስ ከ1957 ጀምሮ ደክሞበት በ1990 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ነው፤ መቅኔው በካንሰር የታመመበት ሰው የሌላውን ጤነኛ መቅኔ ይቀበላል። ከአንድ አባትና እናት የተወለደ ወንድም ወይም እኅት የመስማማቱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ስድስትና ሰባት ልጅ የምትወልዱ ወላጆች ሆይ፥ በዚህ እንኳ ተጠቅማችኋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ራስ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በከፍታ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ ኩላሊት ያን ሆርሞን አብዝቶ ይልካል፤ መቅኔም ብዙ ቀይ ሕዋሳት ይሠራል፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች ደማቸው ወፍራም የሆነው ስለዚህ ነው። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ነበር። በ2002 ሲንትያ ቢልና ጓደኞቿ፥ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊው የደም ሐኪም ዶክተር አምሃ ገብረ መድኅን የነበሩበት ቡድን፥ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያገኙትን አወጡ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም፥ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆነ፤ ይህ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው። ደማቸው የተሸከመው ኦክሲጅንም ከመቶ 95.3 ነበር። በቲቤት ያሉት ደገኞች ደማቸው ባይወፍርም ኦክሲጅናቸው ዝቅ ይላል፤ በአንዲስ ያሉት ደግሞ ደማቸው ወፍሮም ኦክሲጅናቸው ዝቅ ይላል። በሰሜን ተራሮች ያሉት ግን በሁለቱም በኩል እንደ ቈላ ሰው ናቸው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁና ወደ ጮቄ ተመለከትሁ። በዚያ ገብስ የሚያርሱ፥ እንጨት ተሸክመው አቀበት የሚወጡ ሰዎች አሉ። ሲሶ ያህል በጎደለ አየር ውስጥ እየኖሩ መቅኔያቸው አይቸኩልም። ለምን? ተመራማሪዎች በ2012 የደገኞችን ዘር መርምረው አንዳንድ ጂኖችን አመልክተዋል፤ ነገር ግን ለየብቻ የሠሩት ቡድኖች በአንድ ጂን ላይ አልተስማሙም። መቅኔው ትእዛዙ አነስ ብሎ ይደርሰው ይሆን፥ ወይስ ትእዛዙን ሰምቶ በልኩ ይሠራ ይሆን? ጥያቄው የተነሣው በእኛ ተራራ ላይ ነው። ከአሜሪካ መጥቶ ከሚመልሰው ሰው ይልቅ ለጮቄ የምንቀርብ እኛ ነን፤ ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን፥ አብረውኝ ከሚፈተኑት አንዱ ወይም አንዲቱ ቢያደርጉት ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሁለተኛው የእኛ ጥያቄ የአጎቴ ልጅ በሽታ ነው። ስሙ ካላዛር ይባላል። የሚያመጣው ሌሽማንያ የሚባል ተባይ ሲሆን፥ የሚያስተላልፈውም በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የሚኖር የአሸዋ ዝንብ የሚባል ትንሽ ነፍሳት ነው። ተባዩ የሚኖረው ጀርም ሊበሉ ከተፈጠሩት ነጭ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በጣፊያ፥ በጉበትና በመቅኔ። ስለዚህ ሐኪሞች በሽታውን ለማረጋገጥ አንዳንድ ጊዜ ከመቅኔ በመርፌ ቀድተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። የተነፋው ጣፊያ ደሙን ውጦ ማስቀረቱ ለደም ማነስ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የሚያስፈራው ነው። በ2017 በታተሙ ሁለት የአይጥ ጥናቶች እንደ ታየው፥ በሽታው በጎጆዋ ያረፈችውን ግንደ ሕዋስ ቀስቅሶ ያለ ዕረፍት ያሠራታል፤ የሚወለዱትንም ወደ አንድ ወገን፥ ተባዩ ሊኖርባቸው ወደሚመቹት ነጭ ሕዋሳት ወገን ይነዳቸዋል። በመጨረሻም እናቲቱ ትደክማለች። ቅድም ስለ ዕጣና ስለ ትእዛዝ ነግሬአችሁ ነበር። ትእዛዙን የሚሰጠው ሌባው ራሱ ሆነ፤ ለገበሬው የተቀመጠውን ዘርም አስበላው።

ይህ በሽታ የቈላ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፥ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነውን አስታውሱ። ከዝቅተኛው ቈላ በተመለሱ ሠራተኞች ገብቶ ሳይሆን አይቀርም በተባለ ካላዛር ብዙ ሰው ታመመ፤ ሞተም። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይመልሰው ወባ ነው ተብሎ ስለ ተገመተ ብዙ ጊዜ አለፈ። በአጎቴ ልጅ ላይም የሆነው ይኸው ነበር። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከሁመራ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው፥ ሆዱ በግራ በኩል የከበደው፥ አፍንጫው የሚነስረው ሰው በቤታችሁ ቢኖር፥ ሐኪሙን «ካላዛር እንደ ሆነስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም የሚያመለክት ፈጣን ምርመራ አለ። ወደ ጠበል መሄዱን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ምርመራው ይቅደም።

የአጎቴ ልጅ ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ተወጋ። መርፌው ያማል፤ ወንድ ልጅ ሆኖ እንኳ አለቀሰ። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጠፋና ምግብ ጠየቀ። ሲወጣ የደሙን ወረቀት እንደ ገና አየሁት፤ ሦስቱም ቍጥሮች በአንድነት ከፍ ብለው ነበር። እናቲቱ ሥራዋን ጀምራለች አልሁ።

ባለፈው ክረምት እንደ ገና ወደ መተማ ወረደ፤ ሌላ እንጀራ የለውምና። በዚህ ጊዜ አጎበር ይዞ ሄዷል፤ ታናሽ ወንድሙንም ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደው። ሁለቱም በኅዳር በደኅና ተመለሱ። በሽታው ከብዙ ወር በኋላም ሊነሣ ስለሚችል ግን በየእሑዱ ለታናሽዬው እየደወልሁ «በግራ በኩል ሆድህን ዳስ እስኪ» እለዋለሁ። እርሱም እየሳቀ «ዛሬም ምንም የለም፥ ዶክተር!» ይለኛል።